የመንግሥት የበረራ ፍተሻ አብራሪነት፦ አየር መንገድ ተትቶ የሚገባበት ሥራ ነው?

ቀኝ_ወንበር ጻፈ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የአየር መንገድ ረዳት አብራሪ ነኝ፣ ኤርባስ ኤ320 ላይ። ሰሞኑን የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ለበረራ ፍተሻ ክፍሉ አብራሪ እንደሚፈልግ ሰማሁ። እነዚያ ራንዌይ ላይ ዝቅ ብለው ሳያርፉ የሚያልፉት፣ ዞረው ደግሞ የሚመጡት ትንንሽ አውሮፕላኖች አሉ አይደል? እነሱን ማለቴ ነው፤ የአየር ማረፊያ መሣሪያዎችን ምልክት ሰማይ ላይ ሆነው የሚለኩትን።

ነገሩ ልቤን ሳበው። ግን የማውቃቸው አብራሪዎች ግማሾቹ «የጡረታ ሥራ ነው» ይሉኛል። ግማሾቹ «ትንሽ አውሮፕላን ላይ ወርደህ ሲቪህን ታበላሻለህ» ይሉኛል። አንዳቸውም ሠርተውት አያውቁም።

እኔን የሳበኝ በእጅ ማብረሩ ነው። አሁን ባለሁበት ከተነሳን ብዙም ሳንቆይ ኦቶፓይለት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ሥራዬ ማየትና መጠበቅ ነው። ሠርታችሁት የምታውቁ፣ ወይም ከእነሱ ጋር የምትሠሩ ካላችሁ ንገሩኝ። ቀኑ ምን ይመስላል? ከባዱ ነገር የቱ ነው? ልመለስ ብልስ በሩ ይዘጋብኛል?

ራዳር_ማታ ጻፈ፦

የአፕሮች ኮንትሮለር ነኝ፤ ለማረፍ የሚመጡትን አውሮፕላኖች በሬዲዮ የምመራው እኔ ነኝ። ከማይክሮፎኑ ወዲህ ያለውን ልንገርህ።

የፍተሻ አውሮፕላን ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ሰዓቴን ነው። ሌላው አውሮፕላን ሁሉ ከእኔ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፣ ቶሎ ማረፍ። እነዚህ ሰዎች ግን ማረፍ አይፈልጉም። ከመሃል መስመሩ በግራም በቀኝም 35 ዲግሪ ድረስ ቅስት እየሠሩ የማሳረፊያ መስመሬን ይቆርጡታል። «ፍጥነት ቀንሱ» ስላቸው «አንችልም፣ እየለካን ነው» ይላሉ። መስመር ይዘው 3 ማይል ሲቀራቸው ከኋላ በሚመጣ ጄት ምክንያት ካቋረጥኳቸው ደግሞ ያ ሩጫ፣ ማለትም አንዱ የልኬት ዙር፣ ውድቅ ነው። ዞረው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ማለትም እኔም ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ጎበዙን ከደካማው የምለየው ገና ሳይነሳ ነው። ጎበዙ ስልክ ይደውላል። «ዛሬ እነዚህን ሩጫዎች አሉብን፣ ይሄኛው ቢቋረጥ ችግር የለውም፣ ይሄኛው ግን ከተቋረጠ ሙሉ በሙሉ ይደገማል» ይለኛል። ትራፊኩ የሚቀንስበትን ሰዓት ይጠይቀኛል። ደካማው ሰማይ ላይ ሆኖ በሬዲዮ ሊያስረዳኝ ይሞክራል፤ አሥር አውሮፕላን እየሰማኝ እኔ ምን ልበለው?

በእጅ ማብረር ከወደድክ ይሁን። ግን ግማሹ ሥራ ከሰው ጋር መደራደር መሆኑን ያዝልኝ።

ሦስት_ዲግሪ ጻፈ፦

«የጡረታ ሥራ ነው» ያሉህ ጡረታ የወጣ የፍተሻ አብራሪ አላዩም። እኔ ወጥቻለሁ፣ አንገቴን እስካሁን ያመኛል። ቀልዱን እንተወውና ወደ ጥያቄህ።

ነገሩ ወዲህ ነው። አይ.ኤል.ኤስ፣ ማለትም አውሮፕላንን በሬዲዮ ምልክት ወደ ራንዌዩ የሚመራው መሣሪያ፣ ሁለት ነገር ነው። ሎካላይዘሩ ከራንዌዩ ማዶ ጫፍ ባሻገር ቆሞ ግራና ቀኝ ይነግርሃል። ግላይድ ስሎፑ ከራንዌዩ ጎን ቆሞ ከፍና ዝቅ ይነግርሃል። ሁለቱም 90 እና 150 ሄርዝ የሆኑ ሁለት ቶኖች ይልካሉ፤ ተቀባይህ ሁለቱን ያነጻጽራል። እኩል ሲሆኑ መርፌው መሃል ይቆማል። አንዱ ሲበረታ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል።

አንተ በኤርባስህ ስትመጣ መርፌው መሃል ከሆነ «ደህና ነኝ» ትላለህ። የእኛ ጥያቄ ከዚያ በፊት ያለው ነው፦ መርፌው ራሱ ደህና ነው ወይ? ነጋዴው በሚዛኑ ይመዝናል፣ እኛ ሚዛኑን እንመዝናለን። ለዚህ ደግሞ አውሮፕላኑ የት እንዳለ ከመርፌው ነፃ በሆነ መንገድ ማወቅ አለብህ። ድሮ አንድ ሰው ራንዌዩ ዳር ቴዎዶላይት (ማዕዘን መለኪያ መነጽር) ተክሎ በዓይኑ እየተከተለን ማዕዘኑን በሬዲዮ ይነግረን ነበር። ጭጋግ ከመጣ ሥራ የለም። አሁን ምድር ላይ ባለ ጣቢያ የሚታረም ጂ.ፒ.ኤስ አለ፤ ስሕተቱ በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው።

«መሬት ላይ ሆነው ለምን አይለኩትም?» ትል ይሆናል። ይለካሉ፣ ግን አይበቃም። የተለመደው ግላይድ ስሎፕ ከፊቱ ያለውን መሬት እንደ መስተዋት ይጠቀምበታል። ጨረሩ የሚሠራው በቀጥታ የወጣው ሞገድና ከመሬት ነጥሮ የተመለሰው ሲገናኙ ነው። መሬቱ ሲቆፈር፣ በረዶ ሲቆለልበት ወይም ሣሩ ሲረዝም ማዕዘኑ ሊቀየር ይችላል። ሎካላይዘሩ ደግሞ አጠገቡ አዲስ ሃንጋር ሲሠራ ከብረት ግድግዳው እየነጠረ መስመሩ ይጣመማል። ሳጥኑ ውስጥ ሁሉም አረንጓዴ መብራት ነው። ሰማይ ላይ ግን መስመሩ እባብ ሠርቷል።

አሁን አንድ ሩጫ በቅርብ ላሳይህ። የግላይድ ስሎፑን ማዕዘንና ስፋት ለመለካት ከሩቅ ጀምረህ በአንድ ከፍታ ትመጣለህ፤ ከመሬት 1,500 ጫማ እንበል። መሃል መስመሩን ይዘሃል። አትወርድም። መርፌው መጀመሪያ ላይኛው ጥግ ላይ ተለጥፏል። ራንዌዩ 5 ማይል ሳይሞላ ሲቀር መሃል ላይ ይደርሳል። እዚህ ላይ እጅህ «ውረድ» ይልሃል። ስንት ዓመት የሠለጠንከው ያን መርፌ እንድትከተል ነው። አንተ ግን ከፍታህን ይዘህ ዝም ትላለህ። መርፌው አልፎህ ወደ ታች ይወርድና ታችኛው ጥግ ላይ ይለጠፋል። ራንዌዩ ከፊትህ ነው፣ አንተ በጣም ከፍ ብለሃል፣ ሰውነትህ ሁሉ «ተሳስተሃል» እያለህ ነው። ሩጫው ግን ያማረ ነው። አዲስ አብራሪ መጀመሪያ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው።

በጭጋግ ለማረፍ የሚያገለግለው ካቴጎሪ 2 እና 3 ሲሆን ደግሞ በራንዌዩ ደፍ ላይ በ50 ጫማ ገብተህ፣ በዚያው ከፍታ እስከ ማዶ ጫፍ ድረስ ትሄዳለህ። ሳታርፍ። ምክንያቱም በጭጋግ የሚያርፈው አውሮፕላን መሬት ነክቶም እየተንደረደረ ያንኑ ሎካላይዘር ይከተላል። ለካቴጎሪ 1 መስመሩ ደፉ ላይ ከመሃል 10.5 ሜትር በላይ መውጣት የለበትም። ለካቴጎሪ 3 ግን ገደቡ 3 ሜትር ነው። 3 ሜትር አስበው።

ከባዱን ጠይቀሃል። ማብረሩ አይደለም፣ ፊርማው ነው። አየር ማረፊያው መሣሪያውን ይፈልገዋል። ጭጋጉ እየመጣ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ቁጥሩ ደግሞ ከገደቡ በትንሽ አልፏል። «ትንሽ ናት፣ እለፋት» የሚል ሰው አይጠፋም። አንተ ግን «አይሠራም» ብለህ ኖታም፣ ማለትም ለአብራሪዎች የሚሰራጭ ማስታወቂያ፣ ታስወጣለህ፤ በረራ ሁሉ ይስተጓጎላል። ያን ቀን ማንም ቡና አይጋብዝህም።

የሽቦ_ሰው ጻፈ፦

ጋሼ ሦስት_ዲግሪ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እርስዎ ሰማይ ላይ ሲመላለሱ ሼልተር (የመሣሪያው ቤት) ውስጥ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚቀመጠው እኔ ነኝ። የአይ.ኤል.ኤስ ቴክኒሺያን ነኝ።

ጠያቂው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር። መሣሪያው ራሱን የሚጠብቅ ሞኒተር አለው። ምልክቱ ከገደቡ ሲወጣ መሣሪያው በራሱ ይጠፋል። ጥሩ። ግን ሞኒተሩ በትክክለኛው ቦታ ላይ እንደሚጮህ በምን እናውቃለን? ምልክቱን ሆን ብለን እናበላሸዋለን። መስመሩን ገደቡ ድረስ እገፋዋለሁ፣ አውሮፕላኑ ይለካል። አጠበዋለሁ፣ ይለካል። አሰፋዋለሁ፣ ይለካል። የግላይድ ስሎፑን ማዕዘን ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ይለካል።

ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሰማይ ላይ ያለው ምልክት ውሸት ነው። ሲታይ ግን እውነት ይመስላል። ለዚህ ነው ኖታም የሚወጣው፣ መሣሪያው ማንነቱን የሚናገርበት የሞርስ ድምፅ መለያውም የሚጠፋው። አብራሪዎች «መለያውን ስማ» ሲባሉ የሚሰለቻቸው ነገር ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው።

በ2000 እ.ኤ.አ. ጁላይ ውስጥ የኤር ኒውዚላንድ ቦይንግ 767 ሳሞአ ውስጥ ወዳለው ፋሌኦሎ አየር ማረፊያ በሌሊት እየገባ ነበር። የግላይድ ስሎፑ ማስተላለፊያ በባይፓስ ሁኔታ ላይ ተትቶ ነበር፤ ሞኒተሩ ሊያጠፋው አይችልም። መርፌው መሃል ላይ ቆሟል። የማስጠንቀቂያ ቀይ ባንዲራ የለም። አውሮፕላኑ ግን ከትክክለኛው መንገድ በታች እየወረደ ነበር። አብራሪዎቹ ነገሩ እንዳላማራቸው ገብቷቸው ጎ አራውንድ ሲሉ (ማረፉን ትተው ወደ ላይ ሲመለሱ) ከመሬት 400 ጫማ እንኳ አይሞሉም፤ ራንዌዩ ገና ከ5 ማይል በላይ ይቀራቸው ነበር። ሁሉም ተረፉ።

ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ከፍተሻ በኋላ አብራሪው «ጨርሰናል፣ ደህና ዋሉ» ብሎ ከመሄዱ በፊት ሁሉም ነገር ወደ ቦታው መመለሱን አብረን እንድናረጋግጥ ነው። ጎበዝ ካፒቴን የመጨረሻውን ሩጫ የሚያደርገው መሣሪያው ወደ መደበኛው ከተመለሰ በኋላ ነው። ቸኩሎ የሚሄደውን አልወደውም፣ በቃ።

ፒስተን_ብቻ ጻፈ፦

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሥራ ስንት ዓመት ቀረው? ድሮን አለ። ጂ.ፒ.ኤስ አለ። ቪ.ኦ.አር፣ ያ ምድር ላይ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ የሬዲዮ ጣቢያ፣ እየተነቀለ ነው። ወንድማችንን ኤርባስ አስጥላችሁ የሚሞት ሥራ ውስጥ አትክተቱት።

የኮንሶሉ_ልጅ ጻፈች፦

» ይህ ሥራ ስንት ዓመት ቀረው?

ፒስተን፣ ጥያቄህን አልንቀውም። እኔ አብራሪ አይደለሁም። ከኋላ ኮንሶሉ ላይ ተቀምጬ የምለካው እኔ ነኝ፤ ለእንጀራዬ ስል ብዙ አስቤበታለሁ።

ድሮን ጠቃሚ ነው። የፓፒን፣ ማለትም ራንዌዩ ዳር ሆነው ለአብራሪው ከፍታውን የሚያሳዩትን መብራቶች፣ ማዕዘን፣ አንቴናው አቅራቢያ ያለውን ምልክት በድሮን መለካት ጊዜም ነዳጅም ይቆጥባል። ፓፒ አራት መብራት ነው፤ የ3 ዲግሪ ከሆነ ከነጭ ወደ ቀይ የሚቀየሩት በ2 ዲግሪ ከ30፣ በ2 ከ50፣ በ3 ከ10 እና በ3 ከ30 ደቂቃ ላይ ነው። ለዚህ ድሮን ወደ ላይና ወደ ታች ማውጣት ያምራል። ግን ሎካላይዘር በመሃል መስመሩ ዙሪያ እስከ 25 ማይል፣ በጎን እስከ 35 ዲግሪ ድረስ 17 ማይል መሰማት አለበት። እዚያ ድረስ በትራፊክ መካከል ድሮን ልላክ ብትል ራዳር_ማታ ምን እንደሚልህ አስበው።

ቪ.ኦ.አር እየቀነሰ ነው፣ እውነት ነው። የአሜሪካው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ኤፍ.ኤ.ኤ እንኳ ቁጥሩን እያወረደው ነው፤ ግን ጂ.ፒ.ኤስ ቢጠፋ አውሮፕላን የሚይዘው ነገር እንዲኖር መረቡን ሙሉ በሙሉ አያፈርሰውም። አሁን ደግሞ ጂ.ፒ.ኤስን የሚያፍኑና የሚያታልሉ ሰዎች በበዙበት ጊዜ ምድር ላይ ያለው አሮጌ መሣሪያ እንደገና ተወዳጅ ሆኗል።

ሌላው ሰው የሚረሳው፣ የጂ.ፒ.ኤስ አቀራረብም ይፈተሻል። ምድር ላይ አንቴና ስለሌለው ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ወረቀቱ ላይ ያለው ነጥብ በትክክል ገብቷል ወይ? በመንገዱ ላይ ካርታው የማያውቀው ክሬን ወይም አዲስ ምሰሶ ቆሟል ወይ? ያን የሚያየው ዓይን ነው። ሞገዱም አለ። ኤፍ.ኤም ሬዲዮ 108 ሜጋኸርዝ ላይ ያልቃል፣ ሎካላይዘር እዚያው ጎረቤቱ ላይ ይጀምራል። ጉልበተኛ ጣቢያ አየር ማረፊያ አጠገብ ሲተከል ሙዚቃው ተቀባያችን ውስጥ ገብቶ ሥራ ሊያበላሽ ይችላል።

አሁን ወደ ጠያቂው። ቀኝ_ወንበር፣ ስለ እኔ ወንበር ልንገርህ፤ ከገባህ ከኋላህ የምቀመጠው እኔን የመሰለ ሰው ነውና። ቀትር ላይ መሬቱ ሲሞቅ ዝቅ ብሎ መብረር ማለት መንገጫገጭ ነው። አንተ አድማሱን ታያለህ። እኔ ስክሪን ላይ የሚንቀጠቀጥ መስመር አነባለሁ። ሆዴ የት እንዳለ አልነግርህም። ስለዚህ የዞርክበትን ማዕዘን ለስለስ አድርግ፣ ከመዞርህ በፊት ንገረኝ።

ደግሞ «ሩጫው ተበላሽቷል፣ ይደገም» ስልህ አትኩረፍ። የሚያኮርፍ ካፒቴን አውቃለሁ። ትክክል በርሬያለሁ ይላል፤ በርሯል፣ ግን መሬት ላይ አንድ መኪና አንቴናው ፊት አለፈ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ይደገማል። ከሚያኮርፍ ሰው ጋር ሲበር ሁለተኛ ጊዜ «ይደገም» ለማለት ሰው ያመነታል። ያኔ ነው ሥራው የሚበላሸው።

አሮጌ_ካርታ ጻፈ፦

ስለ አደጋው ማንም አላነሳም። ላንሳው።

ይህ ሥራ ዝቅ ብሎ፣ ተራራ አጠገብ፣ ትልልቅ ጄቶች መካከል የሚሠራ ነው። ሜይ 16 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ዱባይ ውስጥ አንድ ዳይመንድ ዲ.ኤ.62 የካሊብሬሽን (የመሣሪያ ልኬት) በረራ ላይ ሳለ ወድቆ አራቱም ሞቱ። መርማሪዎቹ ያገኙት ከፊቱ የሚያርፍ ኤርባስ ኤ350 የተወውን ሽክርክሪት ነፋስ ነው። ትንሽ አውሮፕላን ነህ፣ ትልቁ ያረፈበትን መስመር ነው ቀኑን ሙሉ የምትመላለስበት። መደበኛው ርቀት ተጠብቆም እንኳ ነፋስ በሌለበት ቀን ሽክርክሪቱ እዚያው ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ኮንትሮለሩ «ኖርማል ነው» ቢልህም አንተ ራስህ ታስባለህ።

ሁለተኛው ኦክቶበር 26 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ነው። የኤፍ.ኤ.ኤ የራሱ የፍተሻ አውሮፕላን፣ ቢችክራፍት ኪንግ ኤር 300፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሮንት ሮያል አጠገብ ተራራ ላይ ተጋጭቶ ሦስቱም ሞቱ። በእይታ እየበረሩ የአይ.ኤፍ.አር (በመሣሪያ የመብረር) ፈቃድ እየጠበቁ ደመና ውስጥ ገቡ። መርማሪው አካል ጥፋቱን በአብራሪው ላይ ብቻ አልጣለም፤ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች የራሳቸውን በረራ በአግባቡ አልመሩም፣ አልተቆጣጠሩም አለ። ሌላውን ሁሉ የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት መሆኑን አትርሱ።

ከዚህ የምወስደው እንዲህ ነው። አየር መንገድ ውስጥ በዙሪያህ አጥር አለ፤ በረራህን ከምድር የሚያቅድ ዲስፓቸር አለ፣ መደበኛ መስመር አለ፣ የበረራ መረጃህን የሚከታተል ክፍል አለ። መንግሥት ቤት ትንሽ ክፍል ውስጥ ስትገባ አጥሩ ሊሳሳ ይችላል። ካፒቴኑ አለቃህም ነው፣ ጓደኛህም ነው፣ ምሳም አብራችሁ ነው የምትበሉት። «ጋሼ፣ ደመናው እየወረደ ነው፣ እንመለስ» ለማለት ይከብዳል። ከመግባትህ በፊት ቁጥጥሩ እንዴት እንደሆነ ጠይቅ። ከደመወዙ በፊት ይህን ጠይቅ።

ሦስት_ዲግሪ ጻፈ፦

አሮጌ_ካርታ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ወደ አንገቴ ሳዘነብል አንተ ዋናውን አነሳኸው።

አንድ ነገር ላክልበት። ድካሙ አታላይ ነው። አንድ ጣቢያ ሲፈተሽ ከሩጫ ሩጫ ምንም ልዩነት የለም። ያው ራንዌይ፣ ያው ዛፍ፣ ያው ዙር። ሰዓቱ አጭር ነው፣ ወረቀት ላይ ያልደከምክ ትመስላለህ። ግን እያንዳንዱ ሩጫ ማለት እስከ መሬት አፍንጫ ድረስ የሚደረግ አቀራረብ ነው። የአየር መንገድ ሰው በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያደርገውን አንተ ሳታርፍ ትደጋግመዋለህ። እና የመጨረሻው ሩጫ ላይ «ቶሎ እንጨርስ» የሚል መንፈስ ይመጣል። እዚያ ላይ ነው የቀኙ ወንበር ሰው አፍ ሊኖረው የሚገባው።

ተመላሽ ጻፈ፦

» ልመለስ ብልስ በሩ ይዘጋብኛል?

እኔ ገብቼ ወጥቻለሁ። አሁን አየር መንገድ ነኝ። በሩ አልተዘጋብኝም፣ ግን ክፍት ሆኖም አልጠበቀኝም።

አውሮፕላኑ ቱርቦፕሮፕ (ባለ ፕሮፔለር) ከሆነ የጄት ሰዓትህ አይጨምርም። የዓመቱ ሰዓትም ከአየር መንገድ ያንሳል። ቃለ መጠይቅ ላይ «ሰዓትህ ለምን ቀነሰ?» ይሉሃል፤ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች ካጋጠሙህ ግን በእጅ ማብረርህን ያከብሩልሃል። ሲሙሌተር ፈተናው ላይ ልዩነቱ ይታያል፣ ይህን ደፍሬ እናገራለሁ።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ቀኑን ሙሉ ራንዌይ ላይ ትመላለሳለህ፣ ማረፊያው ግን አንድ ነው። ዝቅ ብሎ ማለፍ እንደ ማረፍ አይቆጠርም። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሳትና ሦስት ማረፍ የሚለውን ደንብ ለማሟላት፣ ሁለት ካፒቴኖች በአንድ አውሮፕላን ሲቀያየሩ፣ «ይሄን እኔ ላሳርፍ» የሚል ክርክር ሰምቻለሁ።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ ሌሊት ውቅያኖስ ማቋረጥ የለም፣ የሰዓት ዞን አይንጥህም። ግን አየር ሁኔታው ጥሩ እስኪሆን አንድ ከተማ ሆቴል ውስጥ ትቀመጣለህ። ሦስት ቀን ተብሎ የወጣ ጉዞ ሳምንት ሊሆን ይችላል። ትራፊክ ለማምለጥ ሌሊት ወይም ንጋት የምትሠራበትም አለ። ደግሞ አንድ አውሮፕላን አየር ማረፊያ አጠገብ ሲወድቅ፣ መሣሪያው ጥፋት ነበረበት ወይ የሚለውን ለማወቅ ወዲያው የሚላከው የፍተሻ አውሮፕላን ነው። ስልኩ ሲጮህ ልደት ላይ ነኝ አይባልም።

ዕድሜህ ገፋ ካለ ደግሞ ይህን አስብ፦ 65 ላይ አቁም የሚለው ዓለም አቀፍ ደንብ የተጻፈው መንገደኛና ዕቃ ለሚያመላልስ የንግድ በረራ ነው። ፍተሻ ከዚያ ውጭ ስለሆነ ጤናው እስከፈቀደ የሚያበርሩበት አገር አለ። «የጡረታ ሥራ» የሚባለው ምናልባት ከዚህ የመጣ ይሆናል።

ፒስተን_ብቻ ጻፈ፦

እሺ፣ የ25 ማይሉ ነገር አሳምኖኛል። ድሮኑን ለፓፒ ብቻ ተዉልኝ።

ቀኝ_ወንበር ጻፈ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም ነበር። ጋሼ ሦስት_ዲግሪ፣ ያ መርፌው እያለፈ ሳይወርዱ መቆየት የሚለውን ሲጽፉ እጄ ራሱ ተንቀሳቀሰ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ። ቃለ መጠይቅ ቢጠሩኝ እኔ እነሱን ምን ልጠይቃቸው? ደመወዙ ማስታወቂያው ላይ ስላለ እሱን ተዉት።

ሦስት_ዲግሪ ጻፈ፦

ልጄ፣ «አንተ» በለኝ፤ እዚህ ሁላችንም እኩል ነን። ለመጨረሻ ጊዜ በአየር ሁኔታ ምክንያት ሥራ አቋርጦ የተመለሰው ቡድን ምን እንደተባለ ጠይቃቸው። «ምንም አልተባለም» ካሉህና ፊታቸው ካልተለወጠ፣ ጥሩ ቤት ነው። መልሱን ፍለጋ እርስ በርስ ከተያዩ ደግሞ ኤርባስህ ላይ ቆይ።

የሽቦ_ሰው ጻፈ፦

የፍተሻው ውጤት ከገደብ ሲወጣ የመጨረሻውን ቃል ማን እንደሚናገርም ጠይቅ። አብራሪው ነው? ቢሮ ያለው ኃላፊ ነው? በጽሑፍ ይሁን። የቃል ከሆነ ጭጋግ በመጣ ቀን ቃሉ ይቀየራል።

የኮንሶሉ_ልጅ ጻፈች፦

ከመፈረምህ በፊት አንድ በረራ ላይ ከኋላ ተቀምጠህ ለማየት ፈቃድ ጠይቅ። ብዙ ክፍሎች ሊፈቅዱልህ ይችላሉ። ማለዳ ቀዝቃዛ አየር ላይ ከጋበዙህ «አመሰግናለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ይሻለኛል» በል። ቀትር ላይ ዝቅ ብለው የሚያደርጉትን ቅስት አብረህ ተቀምጠህ ካልጠላኸው፣ ሌላው ይለመዳል። ምሳህን ቀለል አድርግ።

ቀኝ_ወንበር ጻፈ፦

ሦስቱንም ጥያቄ ጽፌ ይዣለሁ። ማመልከቻውን በዚህ ሳምንት አስገባለሁ፤ ከጠሩኝ ምን እንዳሉኝ እዚሁ እጽፋለሁ።